የአስኳሉ ማገርና በልጆች አጥንት ላይ የሚነሣው ነቀርሳ

አጥንት በሰው ሁሉ ዘንድ የጽናት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ አጥንትም እንደ ሌላው የአካል ክፍል ሕያው ነው፤ በውስጡ ደም ይመላለሳል፥ ሕዋሳት ይወለዳሉ፥ ያረጃሉ፥ በሌሎችም ይተካሉ። ሕያው በመሆኑም ይታመማል። ከሕመሞቹ ሁሉ እጅግ አስጨናቂ የሆነው በማደግ ላይ ባሉ ልጆችና በጎረምሶች ላይ የሚነሣው፥ ሳርኮማ የተባለው የነቀርሳ ዐይነት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከእነዚህ አንዱን፥ የዩዊንግን ሳርኮማ ነው፤ ሊቃውንት በሕዋሱ አስኳል ዙሪያ ያገኙትን አስደናቂ ነገር ለመግለጽ ይመቸናልና። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናል።

ይህን በሽታ በ1921 ዓ.ም. ለይቶ የገለጸው ጄምስ ዩዊንግ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ነው፤ ስሙም ከእርሱ ቀረ። በሽታው በብዛት የሚታየው ከ10 እስከ 20 ዓመት ባሉት ልጆች ሲሆን፥ የዳሌን፥ የጭንንና የጎድንን አጥንት ይወዳል። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ምንጩ ታወቀ። በሕዋሱ ውስጥ ካሉት የዘር ክሮች 11ኛውና 22ኛው ተቈርጠው ቊራጮቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ በዚህም ሁለት የማይገናኙ ጂኖች ተጋጥመው በተፈጥሮ ያልነበረ ፕሮቲን ይወጣል፤ እርሱም ሕዋሱን ያለ ሥርዓት እንዲራባ ያዝዘዋል። ይህ መለዋወጥ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ በልጁ በራሱ አካል፥ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የሚደርስ ነው። ስለዚህ በልጃቸው ሕመም ራሳቸውን የሚወቅሱ፥ ወይም «የማን ኀጢአት ነው?» እየተባሉ የሚቈስሉ እናቶችና አባቶች ይህን አጥብቀው ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ወደ አስኳሉ እንግባ። በእያንዳንዱ ሕዋስ መካከል፥ በእንቍላል ውስጥ እንዳለው አስኳል፥ የዘሩ ጽሕፈት የተቀመጠበት ትንሽ ከረጢት አለ። ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው፤ በውስጡ የተጠቀለለው የዘር ክር ግን ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህን ሁሉ የያዘው የአስኳል ሽፋን እጅግ ስስ ነው። ታዲያ ስለምን አይቀደድም? ከውስጥ ማገር ስላለው ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ በምርጉ ብቻ እንደማይቆም፥ ከምርጉም በስተውስጥ እንጨቱና ማገሩ እንደሚደግፈው ሁሉ፥ ከአስኳሉ ሽፋን በስተውስጥ ላሚን ከሚባሉ ፕሮቲኖች የተሠራ መረብ አለ። ላሚኖቹ ኤ፥ ቢ እና ሲ ተብለው ይጠራሉ፤ ኤ እና ሲ ከአንድ ጂን የሚወጡ ወንድማማች ናቸው። ማገሩም ብቻውን አይደለም። ሊንክ የተባለ የፕሮቲኖች ማያያዣ ሽፋኑን አልፎ፥ ከውጭ ካለው የሕዋሱ ገመድ ጋራ ያስረዋል፤ ስለዚህ ሕዋሱ በውጭ ሲሳብ ወይም ሲጫን አስኳሉ ይሰማዋል።

በ2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ላሚን ኤ እንደ አንጎል ባሉ ለስላሳ አካላት ጥቂት፥ እንደ አጥንት ባሉ ጠንካሮች ግን ብዙ ሆኖ እንደሚገኝ አሳዩ። ጫና በሚበዛበት ስፍራ የቤቱ ማገር ይጠነክራል ማለት ነው።

ይህ ከነቀርሳ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የአጥንት ሳርኮማ ገዳይ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በበቀለበት ስፍራ አይደለም፤ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አጥንቶች ሲሰደድ ነው። የሚሰደደው ሕዋስ ደግሞ ከራሱ አስኳል የጠበቡ ቀዳዳዎችን ማለፍ አለበት። ሌላው አካሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ የሚያግደው አስኳሉ ነው። እህል ጢም ብሎ የሞላ አቍማዳ በጠባብ በር አያልፍም፤ የጎደለው ግን ተጣጥፎ ይሾልካል። የላሚን ኤ ማነስም አስኳሉን እንዲሁ ያለሰልሰዋል።

በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ፥ ቀድሞ ገዳም በነበረ ሕንጻ ላይ በ1896 ዓ.ም. የተከፈተ ሪዞሊ የሚባል የአጥንት ሕክምና ተቋም አለ። (የጸሎት ቤት የነበረው የሕሙማን መጠጊያ መሆኑ እኛን ደስ ያሰኘናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።) የዚህ ተቋም ሰዎች ከሌሎች የከተማይቱ ተመራማሪዎች ጋራ ሆነው በ2022 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ የላሚን ኤ ጂን ሥራ ባነሰባቸው የዩዊንግ ሳርኮማ ሕሙማን ዘንድ በሽታው የበለጠ ጨካኝ ሆኖ አገኙት። በላቦራቶሪም ላሚን ኤ ያነሰባቸው ሕዋሳት ፈጥነው ተጓዙ፤ በእንስሳትም ላይ ብዙ ስደተኛ እብጠት አፈሩ። ምክንያቱ የአስኳሉ መለስለስ ብቻ አልነበረም። ማገሩ ሲላላ ማያያዣው ሊንክ ይናጋል፤ ያፕና ታዝ የተባሉት መልእክተኞች በአስኳሉ ውስጥ ይከማቻሉ። ላሚን ኤ ሲጨመርላቸው ግን ማያያዣው ተስተካከለ፥ መልእክተኞቹ ተመለሱ፥ ሕዋሳቱም መውረራቸውን ተዉ። የኮሌስትሮል መድኃኒት በሆነው በስታቲንም ተመሳሳይ ውጤት ታየ፤ ይህ መድኃኒት የላሚን ኤን አበሳሰል ይለውጣልና።

ከዚህ ተነሥቶ ማንም ለታመመ ልጁ ስታቲን ገዝቶ እንዳይሰጥ አደራ እንላለን። የተባለው በላቦራቶሪ የታየ ነው፤ ለሕሙማን የተፈቀደ ሕክምና አይደለም። ነገሩም በአንድ ወገን ብቻ የሚፈረድ አይደለም፤ ማገሩ ፈጽሞ ሲጠፋ አስኳሉ በጠባብ ስፍራ ይቀደዳል፥ ሕዋሱም ሊሞት ይችላል። በአንጀት ነቀርሳ ላይ በ2008 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ደግሞ ላሚን ኤ ያለባቸው ሕሙማን የባሰ ዕጣ እንደገጠማቸው አመልክቷል። በአጥንት የሚረዳው በአንጀት ይጎዳ ይሆናል፤ ፍጥረት እንዲህ ረቂቅ ነው።

ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው ዛሬ በእጅ ያለው እውቀት ነው። ሙሉ ሕክምና በሚገኝባቸው አገሮች፥ በሽታው ሳይሰደድ ከተያዙት ከመቶ 70 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ፤ ከተሰደደ በኋላ ከተገኘ ግን ቍጥሩ ወደ 30 ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። ልጅ «እግሬን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የጨዋታ ጉዳት ይሆናል፤ ያም በጥቂት ቀን ይለቃል። ሕመሙ ሳምንታት ከዘለቀ፥ ሌሊት ከእንቅልፍ ካነቃው፥ ስፍራው ካበጠ፥ ትኵሳትም ከታከለበት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድና በራጅ ይታይ። ወጌሻ በስብራትና በውልቃት ብዙ ሰው ረድቷል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀ እብጠት መታሸት የለበትም። ጠበልም የሚጠመቅ ልጅ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ራጁ አጠራጣሪ ሲሆን ሐኪሙ ከእብጠቱ ጥቂት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፤ የ11ኛውና የ22ኛው ክር መለዋወጥ የሚታወቀውም ከዚሁ ናሙና ነው። ከዚያ በኋላ ኬሞቴራፒው ይጀመራል፥ ቀዶ ሕክምና ወይም የጨረር ሕክምና ይከተላል፤ ሁሉም ተደምሮ ብዙ ወራት ይፈጃልና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማን ልጁን እንደሚያስታምም፥ ማን ቤቱን እንደሚይዝ ዘመድ ተሰብስቦ ቢመክር መልካም ነው።