ሣር ውሃ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል?

ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ቤትዎ ካለ አንዷን ያንሡና አገዳዋን በጣትዎ ጫን ይበሉ። እሺ ብላ ትሰረጉዳለች። በምላጭ አግድም ቢቆርጧት ደግሞ ውስጧ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የያዙት አየር ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቄጠማና ደንገል የሣር ዘመድ ናቸው እንጂ እውነተኛ ሣር አይደሉም። ከብቶቻችን ከሚግጧቸው ሣሮች ብዙዎቹም ግን ጎርፍን የሚያልፉት በዚህችው ዘዴ ነው።

ሣር በጎርፍ ሲሞት ውሃ የበዛበት ይመስለናል። የሚገድለው አየር ማጣት ነው። ሥርም ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር ነው። ውሃ ሲተኛበት ያ ክፍተት ይሞላል። ኦክስጅን ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሰራጨው አየር ውስጥ ከሚሰራጭበት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። የቀረችውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ተሻምተው ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላ ሥሩ፣ የጠላ እርሾ እንደሚያደርገው፣ ስኳሩን ያለ ኦክስጅን ወደ አልኮል እየለወጠ ነፍሱን ለማቆየት ይታገላል። ትርፉ ግን ትንሽ ነው፦ ከአንድ የስኳር ሞለኪውል 30 ገደማ የኃይል አሃድ ያገኝ የነበረው አሁን 2 ብቻ ያገኛል። ጉልበት ያጣ ሥር ውሃ መሳብም ያቅተዋል። ውሃ መካከል የቆመ ሣር በጥም እንደተመታ የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሚተርፈው እንዴት ይተርፋል? ሥር ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ሙዝን የሚያበስለው ያው ጋዝ ነው። በደረቅ አፈር በቀላሉ ይወጣል፤ ውሃ ሲከበው ግን መውጫ አጥቶ ሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። መጠራቀሙ ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆናል። ምልክቱ ሲደርስ በሥሩ የውጭ ሽፋንና እምብርት መካከል ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት በትእዛዝ ይሞታሉ፤ የሞቱበት ቦታም ከቅጠል እስከ ሥር አየር የሚያወርድ ቧንቧ ይሆናል። የሥሩ አንዱ ክፍል ሞቶ ሌላውን ያተርፋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። ቧንቧው ብቻ ግን አይበቃም፤ ኦክስጅኑ መንገድ ላይ ወደ አፈሩ ይሾልካል። ስለዚህ ሩዝና ሌሎች ረግረግ የለመዱ ሣሮች የሥራቸውን የውጭ ሽፋን አየር በማያሳልፍ ሰም መሰል ነገር ይለብጡታል።

ሁሉም የመኖ ሣር ይህን እኩል አይችልም። ብራኪያሪያን እንውሰድ። መነሻው አፍሪካ ነው፤ ዛሬ የብራዚል ከብት እርባታ በአብዛኛው የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሁሚዲኮላ የተባለው ዝርያ ጎርፍ ሳይመጣም ሥሩ ውስጥ የአየር ቧንቧ አለው፤ ሩዚዚየንሲስ ግን ውሃ ሲተኛበት ቶሎ ይዳከማል። ማራንዱ የተባለው ዝርያ ብራዚል ውስጥ በሰፊው ተዘርቶ፣ በአማዞን አካባቢ ውሃ በሚቋጥር አፈር ላይ የግጦሽ መሬቱ በየቦታው ደረቀ። ሣሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የማይስማማው መሬት ላይ ተዘርቶ ነው።

ቡርጉ የተባለው የማሊ ሣር ደግሞ ሌላ መንገድ መርጧል። የኒጀር ወንዝ ሲሞላ አገዳውን ከውሃው ጋር እያስረዘመ ቅጠሉን ከላይ ያቆያል፤ ውሃው ሲሸሽ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ያሰማሩበታል። ሰርዶ ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ ስንቅ ይዞ ክፉ ቀን ያሳልፋል፤ ድርቅንም የሚችለው በዚሁ ነው። ከጎርፍ ሌላ ችግር የሚችልም አለ፦ ሮደስ ሣር ጨዋማ መሬት ላይ ሲበቅል በቅጠሉ ላይ ባሉ ዕጢዎች ጨውን ወደ ውጭ ይተፋል። አንዱ ሁሉን አይችልም፤ ጨው የሚችለው ሮደስ ራሱ ረጅም ጊዜ የተኛ ውሃ አይመቸውም።

ርብና ጉማራ ሞልተው በሚፈሱበት የፎገራ ሜዳ፣ ወይም ክረምት ውሃ በሚቋጥር ዋልካ መሬት ላይ ከብት ለሚያረቡ ይህ የመኖ ጉዳይ ነው። ዝሆኔ ሣር ምርቱ ብዙ ቢሆንም ውሃ በሚተኛበት ማሳ አይትከሉት፤ እዚያ ፓራ ሣር ይሻላል። ጎርፍ ከመምጣቱ በፊት ሣሩን ከሥሩ አያጭዱት፣ አያስግጡትም፤ ለሥሩ አየር የሚገባው ከውሃ በላይ በቀረው ቅጠል ነውና። እርጥብ ዋልካ ላይ ከብት አይልቀቁ፤ ኮቴው አፈሩን ጠቅጥቆ የቀረውን አየር ያስወጣል። ዘር ከመግዛትዎ በፊትም በሐምሌና በነሐሴ ማሳዎን ዞረው ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ስንት ቀንም እንደሚቆይ ይዩ።