የእህል መድኃኒትና መርዝን የማርከስ ኃይል

በሮቤና በጎባ ዙሪያ፥ በሲናናም ሜዳ ላይ የሚዘራው ስንዴ ለስንት ቤት ዳቦ እንደሚሆን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናም የሚያገኝ ስለ ሆነ ገበሬው አንደኛውን ወራት ገና፥ ሁለተኛውን ቦና እያለ ሁለት ጊዜ ያመርታል። ነገር ግን ዝናሙ ለስንዴ ብቻ አይዘንምና ሲናሩና ሙጃው፥ ዋጉና ክሽክሹም አብረው ይመጣሉ። በዚህ ምክንያት የእህል መድኃኒት ለአገሩ እርሻ የማይቀር ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የሲናና የእርሻ ምርምር ማዕከልም ስንዴ ከነዚህ ጠላቶች የሚጠበቅበትን መንገድ ሲመረምር ኖሯል።

ይሁን እንጂ መድኃኒት ብለን የምንጠራው ነገር በባሕርዩ መርዝ ነው። ከተረጨ በኋላ ወዴት እንደሚገባና ምን እንደሚሆን ማወቅ ለገበሬው ብቻ ሳይሆን ዳቦውን ለምትጋግረው እናትና ለሚበላው ሕፃን የሚጠቅም ስለ ሆነ፥ ነገሩን ባጭሩ ልንገልጸው ወደድን።

በኢትዮጵያ የስንዴ ገበሬዎች ዘንድ የታወቀውን ፓላስ የተባለውን ፀረ አረም እንመልከት። ስንዴም ሲናርም የሣር ወገን ናቸው፤ መድኃኒቱም በሁለቱ ቅጠል ላይ ያርፋል፥ ወደ ሁለቱም ውስጥ ይገባል። ከገባም በኋላ ተክሉ ለማደግ የሚያስፈልጉትን አንዳንድ የፕሮቲን መሥሪያዎች እንዳያዘጋጅ ይከለክለዋል። ሲናሩ ቀስ በቀስ ገርጥቶ ይሞታል፤ ስንዴው ግን ጸንቶ ይቆማል። ይህም የሚሆነው መርዙ ለስንዴው ስለሚራራለት አይደለም፤ ስንዴው ኢንዚም በሚባሉት የሰውነቱ ሠራተኞች አማካይነት መርዙን ፈጥኖ ስለሚያረክሰው ነው።

የሥራውም ተራ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ከመርዙ ጥቂት ክፍል ቆርጦ ባሕርዩን ይለውጠዋል፤ ቀጥሎም ከስኳር ጋራ ያያይዘዋል፤ በመጨረሻም በሕዋሱ ውስጥ በተለየ ጓዳ ይዘጋበታል። ተክል እንደ ሰውና እንደ ከብት ጉበትና ሽንት ስለሌለው መርዙን በዚያ መንገድ ወደ ውጭ መጣል አይችልም። ነገሩ አንድ ወንበዴ መሣሪያው ተገፎ፥ በሰንሰለት ታስሮ፥ በግዞት እንደሚቀመጥ ያህል ነው። በፓላስ ውስጥ ደግሞ ክሎኩዊንቶሴት ሜክሲል የሚባል ነገር ተጨምሮበታል፤ ተግባሩም የስንዴው ኢንዚሞች በርትተው እንዲሠሩ መቀስቀስ ነው።

እንግዲህ የስንዴው መዳን የመጠንና የጊዜ ጉዳይ ነው። መጠኑ ከታዘዘው ካለፈ፥ ወይም 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጎባ ደጋ እንደሚያጋጥመው ስንዴው በብርድና በውርጭ ከተመታ፥ ኢንዚሞቹ ይዘገያሉ፤ ማሳውም ይገረጣል። ከመርጨት እስከ ማጨድ እንዲጠበቅ የሚታዘዘውም ቀን መርዙ እስኪረክስ ድረስ ጊዜ እንዲያገኝ ነው።

ይህ ጥበብ ግን የስንዴ ብቻ አይደለም። ፓውል ሙለር የተባለው የስዊስ ሊቅ ዲዲቲ ተባይን የሚገድል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1939 አግኝቶ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት ግን በአውሮፓ በዲዲቲ የማይሞቱ ዝንቦች ታይተው ነበር። እነዚህ ዝንቦች ዲዲቲን ዲዲኢ ወደሚባል፥ እነርሱን ወደማይገድል ነገር ይለውጡታል። ዝንቡ የሚድንበት ዲዲኢ ግን በሰው ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል፤ በእናት ጡት ወተትም ወደ ልጅ ይተላለፋል። (ይህን ስንል ጡት ማጥባት ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ጥቅሙ እጅግ የበለጠ ነው።)

አረምም እንዲሁ ነው። በአውስትራሊያ የስንዴ እርሻዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ መርዙን እንደ ስንዴው የሚያረክስ ሣር ተገኝቷል። ሣሩ ይህን ተምሮት አይደለም፤ ኃይሉ በተፈጥሮ የነበራቸው ጥቂቶች ከሞት ተርፈው ስለ ተባዙ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ስንዴ በሚዘራበት አገር አንዱን መድኃኒት ብቻ ማዘውተር ይህንኑ አደጋ መጥራት ነው።

በጎተራ ለነቀዝ የሚነሰነሰው ማላቲዮን ደግሞ በነቀዙ ሰውነት ውስጥ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል። የዐዋቂ ሰው ጉበት ጥቂቱን ፈጥኖ ሊያረክሰው ይችላል፤ የሕፃን ሰውነት ግን ይህ ኃይሉ ገና አልጎለመሰም።

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አለቆችና ለሹማምንት የምናሳስበው ይህ ነው። መድኃኒቱ በታዘዘው መጠንና ቀን ይረጭ፤ ቀኑ ሳይሞላ ከማሳው ላይ እህል ለምግብ፥ ሣርም ለላም አይታጨድ። መድኃኒቱ ይለዋወጥ፤ ስንዴውም ከባቄላ፥ ከአተርና ከተልባ ጋራ ይፈራረቅ። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ስንዴ ወደ ወፍጮ አይሂድ። የመድኃኒት ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ውሃ ወይም ዘይት አይቀዳበት። ፎስፊን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጣው የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ለዚህ ጋዝ የታወቀ ማርከሻ የለውምና።

ስንዴው ጊዜ ካገኘ የራሱን መርዝ ያረክሳል። ያንን ጊዜ የሚሰጠው ወይም የሚነፍገው ግን መርጫውን የያዘው ሰው ነው።