የማይከሳው አጥንት

ክንድዎን ወደ ፊት ዘርግተው ክርንዎን በ90 ዲግሪ ይጠፉት፤ ጣቶችዎ ወደ ላይ ይቁሙ። ከክርኑ ግራና ቀኝ ጎላ ብለው የሚዳሰሱትን ሁለት የአጥንት ጫፎች በሌላው እጅዎ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ያዝ ያድርጉና፣ ጣቶቹን ሳያላሉ ማስመሪያ ላይ ያሳርፏቸው። ቁመቷ በ1.60 እና በ1.68 ሜትር መካከል የሆነ ሴት ይህ ስፋት ከ6 እስከ 6.7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አጥንቷ መካከለኛ ነው ይባላል። ቁመቱ በ1.70 እና በ1.78 ሜትር መካከል ለሆነ ወንድ መካከለኛው ከ7 እስከ 7.6 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ያለፈ ሰው አጥንተ ሰፊ ነው።

መለኪያውን ያወጣው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። ሜትሮፖሊታን ላይፍ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1940ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለየቁመቱ የሚስማማውን ክብደት በሠንጠረዥ ሲያወጣ፣ ሰዎችን ቀጭን፣ መካከለኛና ሰፊ አጥንት ብሎ በሦስት ከፈላቸው። ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ግን አልነገራቸውም፤ እያንዳንዱ ራሱን አይቶ የመሰለውን ይመርጥ ነበር። ክርን መለካት የመጣው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1983 ሠንጠረዡ ሲታደስ ነው። ክርን ላይ ስብም ጡንቻም እምብዛም ስለሌለ አጥንቱን ያለ ሽፋን ማግኘት ይቻላል።

«አጥንቴ ከባድ ነው» የምትለዋ ሰበብ ታዲያ እውነት ናት? በከፊል። አጽም ከጠቅላላው የሰውነት ክብደት 15 በመቶ ገደማ ነው፤ በቀጭንና በሰፊ አጥንት መካከል ያለው ልዩነት ብቻውን ቢመዘን ጥቂት ኪሎ ቢሆን ነው። ዋናው ጉዳይ አጥንቱ የሚሸከመው ነው። ሰፊ መሠረት ላይ የቆመ ቤት ማገሩም ጭቃውም ቆርቆሮውም ይበዛል። ትከሻው፣ ደረቱና ዳሌው የሰፋ ሰውም በዚያው ልክ ጡንቻው ይበዛል፤ ጾም ቢጾም፣ ሩጫ ቢሮጥ ትከሻው አይጠብም። ረጃጅሞቹ አጥንቶች በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ እድገታቸውን ይጨርሳሉ፤ ከሁሉም የሚዘገየው ከአንገት በታች ከትከሻ እስከ ደረት የተጋደመው አጥንት ከደረት በኩል ያለው ጫፍ ሲሆን፣ እሱም በሃያዎቹ አጋማሽ ገደማ ይዘጋል።

ዳሌ እንዲያውም መስፋቱን አያቆምም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት በሃያዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ መካከል ያሉ ሰዎችን የሲቲ ስካን ምስሎች አነጻጽረው፣ በሽማግሌዎቹ ላይ የዳሌ አጥንት በአማካይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሰፍቶ አገኙት። የሠርጓ ቀሚስ ከ30 ዓመት በኋላ አልገባ ያላት እናት ጥፋቱን ሁሉ በእንጀራና በቅቤ ላይ ባትደፋው ይሻላል።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ክርናችንን የሚለካ የለም። የምንለካው ቢኤምአይ በተባለው ምጣኔ ነው፤ ክብደት በኪሎ ሲካፈል ለቁመት በሜትር ካሬ። ቀመሩን በ1830ዎቹ የቀመረው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጂግ የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሰው ነው። ኬትሌ ስለ ውፍረት ግድ አልነበረውም፤ የሚፈልገው «አማካይ ሰው» ምን ይመስላል የሚለውን ነበር። በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪይስ ከአምስት አገሮች የተሰበሰቡ ከ7000 በላይ ሰዎችን መረጃ ይዞ ቀመሩን አነሣውና ዛሬ የምናውቀውን ስሙን ሰጠው። ሰዎቹ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ቢኤምአይ ብዙ ሕዝብ በአንድ ላይ ለማጥናት ርካሽና ምቹ መሣሪያ ነው፤ አንድን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ለመፍረድ ግን አጥንትን፣ ጡንቻንና ስብን አይለይም።

ስሕተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በ1998 የታተመ አንድ ትንተና ያሳያል፤ ለእኛ ደግሞ ልዩ ትርጉም አለው። ሆላንዳዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ፓውል ዶይረንበርግና ባልደረቦቹ ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ዕድሜያቸው፣ ጾታቸውና የስብ መጠናቸው እኩል የሆነ ሰዎች ቢኤምአያቸው እኩል ነው ወይ? አይደለም። የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሰዎች ከነጮች በ4.5 ነጥብ ይበልጣሉ። ከነጮች በ4.6 ነጥብ የሚያንሱት እነማን ሆነው ተገኙ? ኢትዮጵያውያን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 9 ነጥብ ነው፤ ቁመቱ 1.65 ሜትር ለሆነ ሰው ይህ ከ24 ኪሎ በላይ ማለት ነው። የስብ ድርሻቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ሚዛን ላይ በ24 ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱ በሰውነት አወቃቀር ነው።

ይህ ነገር በሁለት በኩል ይቆርጣል። አማካዩ ቀጭን በሆነበት አገር አጥንተ ሰፊ ሆኖ የተወለደ ሰው፣ ስብ ባይኖረውም፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። በሌላ በኩል ቀጭኑ ሰው ሠንጠረዡ «ጤናማ ነህ» ስላለው ብቻ ልቡ ማረፍ የለበትም። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን ላይ የስኳር በሽታ ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ክብደት እንደሚታይ የዚያ አገር ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ለሁለቱም የሚሻለው መለኪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የብሪታኒያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ከ2022 ጀምሮ ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቁመትዎ 1.70 ከሆነ ወገብዎ ከ85 ሳንቲ ሜትር በታች ይሁን ነው ነገሩ። ሜትሩ የሚያርፈው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። ሱሪ የሚታሰርበት ቦታ ላይ የሚለኩ ወንዶች ራሳቸውን እያታለሉ ነው።

እስካሁን ያልነው ስለ ሥጋና አጥንት ነው። ሰው ግን ገላውን ይዞ ሲዞር የገላውን ሥዕልም በአእምሮው ይዞ ይዞራል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ፖል ሺልደር በ1935 ስለዚህ ሥዕል ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ሥዕሉን ለመለካት ዛሬም ድረስ በሰፊው የሚሠራበትን ዘዴ ያመጡት በ1983 አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አልበርት ስታንካርድና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከከሲታ እስከ በጣም ወፍራም የተደረደሩ 9 የሰው ቅርጾች፤ «አንቺ የትኛዋ ነሽ? የትኛዋን መሆን ትፈልጊያለሽ?» ከሁለት ዓመት በኋላ ኤፕሪል ፋለንና ፖል ሮዚን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከ400 በላይ ተማሪዎችን በዚሁ መንገድ ጠየቁ። ወንዶቹ የመረጡት ቅርጽ ካላቸው ብዙም አይርቅም፤ ሴቶቹ ከራሳቸው የቀጠነችውን መረጡ። ሴቶቹ ወንዶች ይወዷታል ብለው የጠቆሟት ደግሞ ወንዶቹ እወዳታለሁ ካሏት የቀጠነች ነበረች።

በእነዚህ 9 ሥዕሎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የተደረደሩት በአንድ መስመር ነው፤ ከቀጭን ወደ ወፍራም። ትከሻዋ ሰፊ ሆኖ ሆዷ ዝርግ የሆነች ሴት የትኛዋን ትጠቁም? ለእሷ የተሣለ ሥዕል የለም። ስለዚህ ወፍራሟን ትጠቁማለች፤ የምትመኘውም አጥንቷ የማይፈቅድላትን ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ወጣ ሲሉ ልጁ ቁጥሩን በታላቅ ድምፅ ያውጃል፤ «ሰማንያ አራት!» አላፊ አግዳሚው ዞር ይላል፣ ቀጥሎ የቆመው ይስቃል። ሰላምታችንም ያው ነው፦ «ጠፋሽ! ወፈርሽ እኮ!» ይህ አባባል በአያቶቻችን ጊዜ ምርቃት ነበር፤ ተመችቶሻል፣ ቤትሽ ሞልቷል ማለት። ዛሬም ለአንዲት ትልቅ ሴት ምርቃት ሊሆን ይችላል። የ19 ዓመቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ሌሊቱን ስታሰላስለው ታድራለች።

የሚዜዎች ቀሚስ ሌላው መከራ ነው። ሙሽራዋ ለስድስት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ከዱባይ ወይም ከቱርክ ታዝዛለች። ለአምስቱ ልክ ይሆናል። ስድስተኛዋ ወገቡ ላይ ይሰፋታል፣ ጀርባዋ ላይ ግን ዚፑ አይዘጋም፤ ጀርባ ደግሞ በሁለት ሳምንት ጾም አይጠብም። ልብስ ሰፊ ጋ ብትሄድ ትከሻዋን ለብቻ፣ ወገቧን ለብቻ ለክቶ ይገላግላት ነበር።

ወንዶቹም አልዳኑም። በልጅነቱ ገዝፎ የታየ ልጅ ወጠምሻ ይባላል፤ ዕቃ ሲነሣ እሱ ይጠራል፣ ጠብ ሲነሣ እሱ ይጠረጠራል፣ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ረዳቱ የሁለት ሰው ይክፈል ይለዋል። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

ዓይናችን ለምን እንዲህ ይፈርዳል? ዓይን የሚፈርደው በለመደው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራውና በ2005 የታተመው የክሪስ ዊንክለርና የጊሊያን ሮድስ ሙከራ ሰዎችን ለጥቂት ደቂቃ የጠበቡ የሰውነት ምስሎችን አሳያቸው። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ «የተለመደ» እና «ቆንጆ» የሚሉት ቅርጽ ወደ ጠባቡ ሸሸ። ይህ የሆነው በደቂቃዎች ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚውል ዓይን ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ፊጂ ናት። ፊጂያውያን በአጥንታቸውም በጡንቻቸውም ግዙፍ ሕዝብ ናቸው፤ ጠንካራና ሞላ ያለ ገላ ቤተሰብ በደንብ እንደተንከባከበህ ምስክር ነው፣ መክሳት የሚያስጨንቅ ምልክት ነው። ቴሌቪዥን ናድሮጋ ወደተባለው አውራጃ የገባው በ1995 ነው። የሃርቫርዷ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አን ቤከር በዚያው ዓመት ወጣት ሴት ተማሪዎችን ጠየቀች፤ በ1998 ተመልሳ በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ ሌሎች ተማሪዎችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም፤ በሁለተኛው ከመቶ 11 ሆኑ። ከመቶ 74ቱ ደግሞ አንዳንዴ በጣም ትልቅ ወይም ወፍራም እንደሆኑ እንደሚሰማቸው ተናገሩ። የተጠየቁት በየዙሩ ከ60 ብዙም የማይበልጡ ስለሆኑ ቁጥሩን ለዓለም ሁሉ ማሠራት አይቻልም። ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የልጆቹ አጥንት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያነጻጽሩበት ገላ ነው።

ሰው ራሱ አገር ሲቀይርም እንዲሁ ነው። ማርቲን ቶቬ የተባለ የብሪታኒያ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት፣ በደቡብ አፍሪካ ገጠር ያሉ ዙሉዎች ሞላ ያለ ገላ ሲመርጡ፣ በቅርብ ጊዜ ብሪታኒያ የገቡት ዙሉዎች ምርጫ ከአገሬው ሰዎች ምርጫ ጋር መቀራረብ ጀምሯል። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ለእረፍት የመጣች እህት «ምነው ሁላችሁም ወፈራችሁ?» ስትል፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የተለወጠው ግማሹ የእሷ ዓይን ነው።

ዓይን ሲፈርድ መድኃኒት ተከትሎት የመጣበት ጊዜም አለ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በአውሮፓ ረጃጅም ሴት ልጆች ቁመታቸው እንዲገታ ብዙ ኢስትሮጅን ይሰጣቸው ነበር። ሆርሞኑ የአጥንቶቹን የማደጊያ ጫፍ ቶሎ ይዘጋዋል። ልጆቹ አልታመሙም፤ የወላጅና የሐኪም ሥጋት ባል አያገኙም፣ ልክ የሚሆናቸው ልብስ አይገኝም የሚል ነበር። በ2004 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት መድኃኒቱን የወሰዱት ካደጉ በኋላ ለማርገዝ ካልወሰዱት ይልቅ እንደተቸገሩ አሳየ። ቀጥሎ በወጣ ሌላ ጽሑፍ፣ ሐኪም ዘንድ ቀርበው መድኃኒቱን ሳይወስዱ የቀሩት ረጃጅም ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንኳን አልወሰድኩ ብለዋል። ከወሰዱት መካከል ከ10 አራቱ በውሳኔው ቅር ተሰኝተዋል።

ማሸማቀቅ ሰው ያቀጥናል የሚል ካለ፣ በ2013 የወጣው የአንጀሊና ሱቲንና የአንቶኒዮ ቴራቻኖ ጥናት ተቃራኒውን ይነግረዋል። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹ ዕድሜና ከዚያ በላይ ያሉ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተከታትለው፣ በክብደታቸው የተነሣ መድልዎ የደረሰባቸው ሰዎች በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው 2.5 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አገኙ። የተሸማቀቀ ሰው ስፖርት ቤት አይገባም፤ ሐኪም ጋ መሄድም ያቆማል፤ ማታ ብቻውን ይበላል።

የሚረዳውስ? በሆላንድ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ጄሲካ አሌቫና ባልደረቦቿ በ2015 ያቀረቡት ዘዴ ወጪ የለውም። በገላቸው ያልተደሰቱ ሴቶች በ15 በ15 ደቂቃ ሦስት ጊዜ እንዲጽፉ ተደረገ። የሚጽፉት ገላቸው ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ ነው፤ ማየቱን፣ መራመዱን፣ ከበሽታ ማገገሙን፣ መጨፈሩን፣ ሰው ማቀፉን። ስለ ሌላ ነገር ከጻፉት ጋር ሲነጻጸሩ በገላቸው ያላቸው እርካታ ከፍ አለ፤ ከሳምንት በኋላም ሲጠየቁ አልጠፋም። ለውጡ ትልቅ አይደለም፤ ወረቀት ላይ መጻፍ የሚኒባስ መቀመጫ አያሰፋም። ምግብ እየበሉ ማስመለስ፣ ለቀናት አለመብላት ወይም ከሰው መሸሽ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ደግሞ ወረቀቱ አይበቃም፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ማየት አለበት፤ ያን ጊዜም ሚዛን ላይ ገዝፎ ስለታየ ብቻ «አንተን የምግብ ችግር አይነካህም» ብሎ የሚመልሰው ሐኪም ካጋጠመው ሌላ ሐኪም ይፈልግ።