ከለገሃር እስከ ጊዮርጊስ፦ አንበሶቹን ፍለጋ

ከለገሃር ወደ ፒያሳ በታክሲ መሄድ ይቀላል። ዳገቱን በእግሩ የሚወጣ ሰው ግን የአዲስ አበባን የአደባባይ ሐውልቶች አንድ በአንድ ያገኛቸዋል። ለዚያም ቢሆን ዞር ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ሐውልት ከፊት ለፊቱ ብቻ ታይቶ አያልቅም።

ለምሳሌ የለገሃር ባቡር ጣቢያው የይሁዳ አንበሳ። ዘውድ ደፍቶ፣ በአንድ እግሩ መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይዞ ቆሟል። ብዙው አላፊ አግዳሚ እሱን አይቶ ያልፋል። ወደ መቀመጫው ጠጋ ያለ ሰው ግን በአራቱ ጎን የተቀረጹትን የአፄ ምኒልክን፣ የንግሥት ዘውዲቱን፣ የራስ መኮንንንና የአፄ ኃይለ ሥላሴን ምስሎች ያያል። ሐውልቱ የቆመው ለ1923ቱ የዘውድ በዓል ነበር።

ይህ አንበሳ ተሰዶ የተመለሰ ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ያቆሙትም በዶጋሊ ጦርነት ለሞቱት ወታደሮቻቸው መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ዘንድ ነው። በዚያው ስፍራ ነው ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን መዝዞ በጣሊያኖች ላይ የተነሣው። ዘርዓይ እስከ ዕለተ ሞቱ ከጣሊያን አልወጣም። አንበሳው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አገሩ ገባ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ እንደ ዋዛ ማለፍ ይከብደዋል።

ትንሽ ከፍ ሲሉ በብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ሁለተኛው አንበሳ ይጠብቃል። ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ ለንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል የሠራው ነው። ካልካ ኋላ ላይ «ቡመራንግ» በተባለ የቢሮ ጠረጴዛው ስሙ ገንኗል። እዚህ ግን ድንጋይ ነው የጠረበው። የለገሃሩ እውነተኛውን አውሬ ይመስላል፤ ጡንቻውም ጋማውም በወጉ የተሠራ ነው። የካልካው ግን ፀጉሩ እንኳ በቀጥታ መስመርና በማዕዘን የተከፋፈለ፣ እንደ ግንብ የቆመ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ ደፋሩ ይህኛው ነው፤ ጥላው በድንጋዩ እጥፋት ውስጥ ሲገባ ፊቱ ይለዋወጣል።

ከዚያ ቸርችል ጎዳና ሽቅብ ይወስዳል። ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉት ጳጳስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ቆየ፤ በ2008 ወደ አደባባዩ ተመለሰ። እሳቸው በሌሉባቸው ዓመታት ቦታው ምን ያህል ባዶ እንደነበር ያኔ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያስታውሳል።

የመጨረሻው ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የአፄ ምኒልክ ሐውልት ነው። እሱንም ጣሊያኖች ነቅለው ቀብረውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ቆመ። ከጎን ሲያዩት ይበልጥ ያምራል፦ የፈረሱ ሁለት የፊት እግሮች አየር ላይ ናቸው፤ የፈረሱና የንጉሡ ክብደት በሙሉ ያረፈው በኋላ እግሮቹ በኩል ነው።