በሀደሮ ከስልክ ቀና ብሎ እግዚአብሔርን ማስተዋል

በከምባታ ዞን የምትገኘው ሀደሮ በዝንጅብል ምርቷ የታወቀች ስትሆን፣ ዛሬ ገበሬው የገበያ ዋጋ በስልክ ሊጠይቅ፣ ክፍያውንም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ባስጀመረው ቴሌብር፣ ማለትም ገንዘብ በስልክ በሚተላለፍበት አገልግሎት፣ ሊቀበል ይችላል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚያሳስበው ዓይን ከስክሪን ሳይነሳ ሲውል ልብ ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር ነው።

የአካባቢው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን መልእክተኞች በ1920 ዓ.ም. ወደ ሆሳዕናና ወላይታ ደርሰው ሥራ ቢጀምሩም፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን አገሩን ለቀው ለመውጣት በመገደዳቸው፣ ጥቂት የነበሩት አማኞች ያለ እነርሱ፣ በስደትና በእስራት መካከል፣ እጅግ በዝተው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች መገናኛ መሣሪያ ሳይኖራቸው እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዳለ ማመናቸው፣ ሊቃውንት «ምሉዕ በኩለሄ» የሚሉትን፣ ማለትም አምላክ በሁሉም ስፍራ የመላ መሆኑን የሚያስረዳውን ትምህርት፣ በኑሮ የመሰከረ ነው።

ያው መገኘት በእንሰት ጓሮም ይስተዋላል። የእንሰቱን ግንድ በጣውላ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ የምትፍቅ ሴት ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ስለሆኑ ስልክ ልታነሳ አትችልም፤ ከጎረቤቶቿ ጋር እየተጨዋወተች የምትፍቀው ተክል ለመድረስ ዓመታት የፈጀ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆይቶ ቆጮ የሚሆን፣ በድርቅም ጊዜ ቤተሰብን ያተረፈ ስጦታ በመሆኑ፣ ምስጋና ከዚያው ከሥራው መካከል ሊነሳ ይችላል።