አዲሱ የቼዝ ፕሮግራም የማን ሥራ ነው?

በአማርኛ «ሰንጠረዥ» የምንለው ቃል ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ ሲሆን፣ እርሱም ከፋርስኛው «ቻትራንግ»፣ የፋርሱም ከሕንዱ «ቻቱራንጋ» የተወረሰ ነው። ጨዋታው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲሻገር የትውልድ ሐረጉን በስሙ ይዞ ተጉዟል። ዛሬ ይህንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ግን የትውልድ ሐረጋቸው አከራካሪ ሆኗል።

ከሁሉ የከረረው ክርክር የተነሣው «ሪብካ» በተባለው ፕሮግራም ላይ ነው። ዓለም አቀፍ የቼዝ ማስተር የሆነው ቫሲክ ራይሊች የሠራው ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ብቅ ብሎ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ በለጠ፤ ከ2007 እስከ 2010 ድረስም በተከታታይ የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮን ተባለ። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ በፊት በውድድሮች ጭራ ላይ የነበረ ፕሮግራም በድንገት እንዴት እዚህ ደረሰ የሚል ጥርጣሬ አልቀረም።

ጥርጣሬው ያመራው ፈረንሳዊው ፋቢየን ሌቱዜ ወደሠራው «ፍሩት» ነበር። ሌቱዜ በ2005 የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ነበር። ፈቃዱ ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ እንዲያሻሽለው ይፈቅዳል፤ የተሻሻለውን የሚያሰራጭ ግን እርሱም በተራው ኮዱን ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል። የሪብካ ኮድ ግን ዝግ ነበር።

ሁለት ብርቱ ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ርምጃ ሊመርጡ ስለሚችሉ፣ የጨዋታ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ባለሙያዎች ሪብካን ፈታተው ውስጡን መረመሩ። ካገኟቸው ምልክቶች አንዱ እጅግ ትንሽ ነበር፤ ሪብካ ጊዜን በሙሉ ቁጥር የሚያሰላ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ስፍራ፣ በአስርዮሽ ቁጥር እንደሚያሰላው እንደ ፍሩት፣ ከ«0.0» ጋር ያነጻጽራል። ራይሊች ውንጀላውን አስተባበለ። ደጋፊዎቹም ሐሳብ የጋራ ሀብት ነው፣ የሚከለከለው የተጻፈውን ኮድ መገልበጥ ብቻ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማኅበር በሰኔ 2011 ሪብካ ከ2006 እስከ 2010 ያገኛቸውን ውጤቶች ሰርዞ ራይሊችን ከውድድሮቹ ለዕድሜ ልክ አገደ። በ2015 የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ኮሚሽን የዕድሜ ልክ እገዳውን ሽሮ ማኅበሩን አስጠነቀቀ። ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አልበረደም።

ተመሳሳይ ጥያቄ በ2021 ዳግም ተነሣ። የጀርመኑ ቼስቤዝ ኩባንያ «ፋት ፍሪትዝ 2»ን ለገበያ ሲያቀርብ፣ የ«ስቶክፊሽ» ሠሪዎች ፕሮግራሙ በአብዛኛው የእነርሱ ሥራ መሆኑን ገልጸው፣ ፈቃዱ ተጥሷል በማለት ከሰሱ። በኅዳር 2022 በስምምነት ሲቋጭ፣ ኩባንያው ስቶክፊሽን የያዙ ምርቶችን ለአንድ ዓመት ላለመሸጥ ተስማማ።

ስቶክፊሽ ራሱ ከቶርድ ሮምስታድ «ግላውሩንግ» የተወለደ ነው፤ ይህን በግልጽ ስለተናገረ ግን ማንም አልከሰሰውም። የማኅበሩም ደንብ የሌላውን ኮድ የተጠቀመ ሁሉ የሠሪዎቹን ስም እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በሌላው ሥራ ላይ መገንባት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የመሠረቱን ባለቤት ስም መሰወር ነው።