የድመታችን ፀጉር ክብ ሆኖ ሲመለጥ፦ ጭርት ነው ወይስ እከክ?

በዲናችን ድመት ነጃሳ አይደለችም፤ መስገጃችን ላይ ብትተኛም አንጨነቅም። ነጃሳ አለመሆኗ ግን ከበሽታ ነፃ ናት ማለት አይደለም። ጆሮዋ ላይ ወይም ከዓይኗ በላይ ፀጉሩ ክብ ሆኖ ከተመለጠ፣ አቅፈዋት የሚውሉትን ልጆቻችንንም ማየት አለብን።

ልጆች ራስ ላይ ሲወጣ ቆረቆር፣ ገላ ላይ ሲወጣ ጭርት የምንለው በሽታ ድመትንና ውሻንም ይይዛል። አምጪው ፈንገስ ነው። በድመትና በውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው ማይክሮስፖረም ካኒስ ይባላል፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ዋና ማደሪያው ድመት ናት። ፀጉሩን ስለሚያዳክመው ይሰባበራል፤ ቆዳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፊት፣ ከጆሮና ከፊት እግሮች ነው።

ከእከክ ጋር በቀላሉ ይምታታል። እከክ እንስሳውን እረፍት ይነሳዋል፤ ጭርት ግን ብዙም ላያሳክክ ይችላል። ውሻው ቆዳው ቅባታማ ሆኖ፣ ጆሮው ከሸተተና አብዝቶ የሚያክ ከሆነ ደግሞ ማላሴዢያ የተባለ ሌላ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይህኛው እንደ ጭርት ወደ ሰው አይዛመትም።

አስቸጋሪው ነገር፣ አንዳንድ ድመቶች፣ በተለይ ፀጉረ ረጃጅሞቹ፣ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ፈንገሱን ይሸከማሉ። ልጁ ታክሞ ደጋግሞ የሚያገረሽበት ከሆነ ጤነኛ የምትመስለዋም ድመት ትመርመር። የእንስሳት ሐኪሞች በልዩ መብራት ሲያዩት የተያዘው ፀጉር አረንጓዴ ሆኖ ሊያበራ ይችላል፤ አለማብራቱ ግን ነፃ መሆኗን አያረጋግጥም። ፀጉሩን ወስዶ ፈንገሱን ማሳደግ የተሻለ ቢሆንም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል።

በግምት የሚገዛ የስቴሮይድ ቅባት ነገሩን ያባብሳል። መቅላቱ ሲቀንስ የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን እየሰፋ ነው። የልጅ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለሰው የተገዛውንም ቅባት ድመቷን አንቀባት፤ ትልሰዋለች።

አውጥቶ መጣልስ? ድመቷ ለጎረቤት ታደርሳለች እንጂ የእኛ ቤት አይጸዳም። የረገፈው ፀጉር ላይ ያለው የፈንገስ ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ይልቅ እስክትድን ለማጽዳት በሚቀል አንድ ክፍል ትቆይ፤ ፀጉሯ በየቀኑ ይለቀም፤ ምንጣፉ፣ ብርድ ልብሱና መስገጃው ይታጠቡ። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ፀጉሯ መብቀል ስለጀመረ ብቻ ሕክምናው አይቋረጥም፤ መዳኗን ሐኪሙ በምርመራ ያረጋግጥ።